የመማር እክል ያለባቸውን የኮሌጅ ተማሪዎች ማስተማር፦ ከስልጠናውና ከፈተና ወረቀቶቹ ያገኘሁት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ሴሚስተር በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ደብዳቤ ይመጣልኛል፦ እገሌ ለፈተና አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ይሰጠው፣ እገሊት ጸጥ ባለ ክፍል ትፈተን፣ ሌላው ትምህርቱን በድምፅ ይቅዳ። ተማሪው ምን እንዳለበት ግን ደብዳቤው አይናገርም። ንባብ የሚያስቸግረው ዲስሌክሲያ ይሁን፣ ከቁጥር ጋር የሚያታግለው ዲስካልኩሊያ፣ ወይም ሌላ፣ መምህሩ ሊጠይቅ አይገባውም። ደብዳቤው ስለ ፈተና ቀን ይናገራል እንጂ በቀሩት የሴሚስተሩ ቀናት እንዴት እንደማስተምር አንድም ቃል የለውም። ለዚህ ስል ስልጠና ወስጃለሁ፤ በራሴ ክፍልም ትንሽ ምርምር ሠርቻለሁ። ያገኘሁትን የምጽፈው አገር ቤትም ሆነ እዚህ ኮሌጅ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች ነው። መሐል ላይ ለወላጆች የሚሆን ነገር ስላለ እነሱም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ መምህር ሲቀጠር የሚሰጠው ስልጠና አጭርና ስለ ሕግ ብቻ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት አካል ጉዳተኛን እንዳያገሉ የሚያዘው የመልሶ ማቋቋሚያው ሕግ አንቀጽ 504 በ1973 ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ሳይፈረም ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ የተፈረመው አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የመንግሥት ሕንፃ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ካሉ በኋላ፣ በ1977 ነው። በ1990 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከተለ፤ በ2008 ደግሞ የአካል ጉዳት ትርጉሙ ሰፋ። አሠልጣኙ ይህን ከነገረን በኋላ የደመደመው በሦስት ነገር ነው፦ ደብዳቤውን አክብሩ፣ ምስጢር ጠብቁ፣ ከተቸገራችሁ ቢሮውን ጠይቁ። ሁሉም ትክክል ነው። መምህሩ ጥፋት እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ ተማሪው እንዲገባው ግን አያደርግም።

የተሻለው ነገር የጀመረው በተለያየ ክፍል የምናስተምር ጥቂት መምህራን በየጊዜው እየተገናኘን ማንበብና መወያየት ስንይዝ ነው። ከሁሉ በላይ ያከራከረን የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ነበር። በ1995 የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት ጆን ዌስትሊንግ በአንድ ንግግራቸው ሳማንታ ስለምትባል ተማሪ አወሩ። እንደ እሳቸው አነጋገር ልጅቷ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች፤ የመማሪያ ማስታወሻ ቅጂ፣ የፊት ወንበር፣ ተጨማሪ ጊዜ፣ ለብቻ መፈተኛ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሊወስዳት ስለሚችል ያመለጣትንም መልሰው ሊነግሯት ይገባል። በኋላ የመማር እክል ያለባቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲውን ከስሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ሳማንታ የምትባል ተማሪ ኖራ እንደማታውቅ፣ እሳቸው የፈጠሯት መሆኗን አመኑ። በ1997 ዳኛዋ በብዙ ነጥብ ለተማሪዎቹ ፈረዱ። የውጭ ቋንቋ ኮርስ በሌላ ይተካልን የሚለው ጥያቄ ላይ ግን ዩኒቨርሲቲው በመምህራን ኮሚቴ አስጠንቶ እምቢ ማለቱ በማግስቱ ዓመት ጸናለት።

ይህ ፍርድ ሁለት ወገን አለው፤ ሁለቱንም ደጋግሜ ለባልደረቦቼ እነግራለሁ። ሕጉ የኮርሱን እምብርት አውጥታችሁ ጣሉ አይልም፤ ስታቲስቲክስ የሚወስድ ተማሪ ስታቲስቲክስ ማወቅ አለበት። እምብርቱ የቱ እንደሆነ ግን መምህሩ ቁጭ ብሎ አስቦ መልስ ሊኖረው ይገባል። ፍጥነት የኮርሴ ዓላማ ነው? ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ፈልጎ ማግኘትስ? ለዓመታት ሁለቱንም ስፈትን ኖሬ ሲላበሴ ላይ ሁለቱም የሉም። ሳማንታን በተመለከተ ደግሞ፣ በየመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ አንዲት ሳማንታ አለች። የማይተኛ ተማሪ ሁሉ የእሷን ዕዳ ይከፍላል።

ከዚያ በኋላ በአንድ የበጋ ስልጠና ተካፈልኩ። ቬርሞንት ውስጥ ፑትኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ላንድማርክ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ በ1985 ዲስሌክሲያ ላለባቸው ተማሪዎች ተብሎ የተከፈተ ነው። ዛሬ ትኩረት ማሰባሰብ የሚያስቸግራቸውንና ኦቲዝም ያለባቸውንም ያስተምራል፤ የራሱ የምርምርና የስልጠና ተቋም አለው፤ በበጋ ከሌላ ቦታ የሚመጡ መምህራንን ያሠለጥናል። ግቢው ከዚያ በፊት የተዘጋ የሌላ ኮሌጅ ነበር፤ ጫካ መሐል የተቀመጠ የኮንክሪት ሕንፃ ነው፤ ላየው ሰው ትንሽ ይገርማል።

እዚያ ያገኘሁት ትልቁ ነገር የሥራ ትውስታ (ዎርኪንግ ሜሞሪ) ስለሚሉት ነገር በቁም ነገር ማሰብ ነው። ሰው አንድን ነገር እየሠራ ሳለ በጭንቅላቱ ይዞ ሊቆይ የሚችለው ጥቂት ነው። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ያ ጥቂት ቦታ በንባቡ ብቻ ይያዛል፤ ለሒሳቡ የሚተርፈው የለም። ሁለተኛው ደግሞ ሥራን የማቀድ፣ የመጀመርና የመጨረስ ችሎታ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ የሃያ ገጽ ፕሮጀክት ተሰጥቶት ሳይጀምር ሴሚስተሩ ሲያልቅ የምናየው ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ከየት እንደሚጀመር ማየት ስላቃተው ነው።

እግረ መንገዴን፣ በስልጠና ስም ከሚሰጡት ሁሉ የማይረባውንም ልናገር። "አንዱ ተማሪ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው፣ ሦስተኛው በእጁ ይማራል፤ እንደየዓይነቱ አስተምሩ" የሚለው ትምህርት አሁንም በየአውደ ጥናቱ ይዞራል። በ2008 አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማስረጃውን ገምግመው በዚህ መንገድ ለማስተማር የሚያበቃ ማረጋገጫ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ለዲስሌክሲያ ተብለው የተሠሩ ልዩ የእንግሊዝኛ ፊደል ቅርጾችም እንዲሁ ናቸው፤ ሲፈተኑ ንባብን እንደሚያፋጥኑ አልታየም። በፊደላት መካከል ክፍተት መጨመር ግን ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ሕፃናት እንደረዳ በጣሊያንና በፈረንሳይ የተሠራ ጥናት በ2012 አሳይቷል። እኔ ያየሁት ልማድ ግን መምህራን ቅርጹን ቀይረው አራት ጥያቄ አንድ ገጽ ላይ ማጨቅ ነው።

አሁን ወደ ምርምሩ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲሳሳቱ መንገዱ የሚሰበረው የት ላይ ነው? በመጀመሪያ የኮሌጁን የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ አማከርኩ። ኮርስን ለማሻሻል ብቻ የሚሠራና ሊታተም የታሰበ ሥራ አንድ አይደሉም፤ የትኛው ፈቃድ እንደሚፈልግ ቦርዱ ይወስናል። የተማሪዎቹን የስምምነት ፎርም የሰበሰበችው እኔ ሳልሆን ሌላ መምህርት ናት፤ ውጤት አስገብቼ እስክጨርስ ድረስ ማን እንደፈረመ ማን እንዳልፈረመ አላየሁም። ውጤቱ በእጃችሁ ያለ ተማሪ "እምቢ" ማለት ስለማይቀለው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። "የመማር እክል ያለባችሁ እጅ አውጡ" ማለትም አይቻልም፤ ስለዚህ ተማሪዎችን በእክል አልከፋፈልኩም፤ የከፋፈልኩት ስህተቶችን ነው።

የተመለሱትን የፈተና ወረቀቶች ቅጂ ዘርግቼ በእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ መንገዱ የት እንደተሰበረ ምልክት አደረግኩ፦ ጥያቄውን ከማንበብ፣ ቁጥር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከመገልበጥ፣ ከምልክት፣ ወይስ ከራሱ ከስታቲስቲክሱ። ከወረቀቱ መለየት ያቃተኝን ለማወቅ ፈቃደኛ ተማሪዎች አጠገቤ ቁጭ ብለው ጥያቄውን ድምፃቸውን እያሰሙ እንዲሠሩልኝ ለመንኩ። እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ዝም ማለት ለመምህር እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

አንዱን ጥያቄ ልንገራችሁ። ከአንድ ፋብሪካ አምፖሎች 4 ከመቶው ብልሹ ናቸው፤ 10 አምፖል በዘፈቀደ ቢወሰድ ቢያንስ አንዱ ብልሹ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መንገዱ አጭር ነው፤ 0.96ን አሥር ጊዜ አባዝቶ ከ1 መቀነስ፤ መልሱ 0.335 ገደማ ይመጣል። ፈተናዬ ላይ ግን ጥያቄው ስለ ፋብሪካው አምስት መስመር ታሪክ ነበረው፤ "ቢያንስ" የሚለው ቃል የመጨረሻው መስመር መሐል ተቀብሮ ነበር። አንዲት ተማሪ ታሪኩን ጮክ ብላ አነበበች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ተሰናክላ ወደ ላይ ተመለሰች፤ እንደገና ወረደች፤ ስትጨርስ ልክ አንድ አምፖል ብልሹ የሚሆንበትን ዕድል አሰላች። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም፤ የተጠየቀው ሌላ ነው እንጂ። ወረቀቱን ዘግቼ በቃል "ቢያንስ አንድ ብልሹ?" ስላት ሳትጽፍ መለሰች። ፈተናው ላይ ዜሮ ያገኘችበት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መሰበሪያ ግልበጣ ነው። መረጃው ገጽ ሁለት፣ ጥያቄው ገጽ ሦስት፣ ሠንጠረዡ መጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። ተማሪው ወረቀት ሲያገላብጥ 0.0495 የነበረው 0.0459 ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ላይ በትክክል ይሠራል። ሦስተኛው ምልክት ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛ ሙያ ራሱ ጥፋተኛ ነው። ፒ የምትባለው አንድ የላቲን ፊደል በእኔ ኮርስ ውስጥ የሕዝቡ ድርሻ ናት፤ ኮፍያ ስትደፋ የናሙናው ድርሻ፤ ትልቅ ስትጻፍ ዕድል፤ "ቫልዩ" ሲከተላት ደግሞ ሌላ ነገር። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁሉንም "ፒ" እያልኩ እጠራለሁ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ተማሪ ይቅርና ማንም ቢሆን ይጠፋዋል።

ያልጠበቅኩት፣ እነዚህ ስህተቶች ደብዳቤ ባላመጡ ተማሪዎች ወረቀት ላይም በብዛት መኖራቸው ነው። ከፊሎቹ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆነ፣ ከአበሻ አገርም ከላቲን አሜሪካም የመጡ ናቸው። ከፊሎቹ ምናልባት እክሉ ኖሯቸው ያልተናገሩ ናቸው። አገር አቀፍ ጥናት በ2011 እንዳሳየው፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ አካል ጉዳት እንዳለባቸው ተለይተው ከነበሩ የኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ለኮሌጃቸው ያሳወቁት 28 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ 63 ከመቶው ራሳቸውን እንደ አካል ጉዳተኛ አይቆጥሩም፤ 9 ከመቶው ደግሞ እያወቁ ላለመናገር መርጠዋል። ደብዳቤ እየጠበቀ የሚያስተካክል መምህር አብዛኞቹን አያገኛቸውም ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁሉም ቀየርኩት። አንድ ጥያቄ አንድ ገጽ፤ የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ እዚያው ገጽ ላይ። የሚጠየቀው ነገር መጀመሪያ፣ ታሪኩ ከሥሩ በሁለት መስመር። "ቢያንስ" እና "ቢበዛ" በደማቅ። የምልክቶች ዝርዝር ከፈተናው ጋር ይታደላል። ስላይድ ከክፍል በፊት ባለው ቀን ይለጠፋል፤ በኮምፒውተር ድምፅ ሊነበብ በሚችል መልክ እንጂ በፎቶ አይደለም። በየክፍሉ መጀመሪያ ነጥቡ ጥቂት የሆነ፣ ያለፈውን ትምህርት ከራስ የሚያስመዝዝ አጭር ጥያቄ አለ፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ማከፋፈል ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብና ከማስመር እጅግ የሚበልጥ መሆኑ በ2013 በወጣ ትልቅ ግምገማ ተጠቃሏል። ሰዓቱን በተመለከተ እኔ ራሴ በ15 ደቂቃ የምጨርሰውን ፈተና ለተማሪዎቹ 75 ደቂቃ እሰጣለሁ። ደብዳቤ ያለው አሁንም ተጨማሪውን ያገኛል፤ ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው እስከ መጨረሻው የሚቆዩት።

ሁሉም አልሠራም። የሙሉ ክፍለ ጊዜ ቪዲዮ ቀድቼ ብለጥፍ የሚከፍተው አልተገኘም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚፈታ አጭር ቪዲዮ ግን ይታያል። የቤት ሥራ ማስረከቢያ ቀንን ክፍት ማድረግ ደግነት ይመስል ነበር። ሥራ መጀመር ለሚያቅተው ተማሪ ግን ወጥመድ ሆነበት፤ ሁሉም ሥራ ተጠራቅሞ መጨረሻው ሳምንት ላይ ይወድቅበታል። አሁን ፕሮጀክቱን ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቀን እቆርጣለሁ፤ ቀኑ ቢያልፍ ነጥብ አልቀንስም፤ ዝም ያለውን ግን በማግስቱ እጽፍለታለሁ።

ባልደረቦች የሚያነሱት ተቃውሞ አንድ ነው፦ "ሥራ ዓለም ላይ ማን ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል?" የሰዓት ጉዳይ ራሱ በጥናት የሚያከራክር ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጥ እክል የሌለባቸውም ውጤታቸው እንደሚሻሻል ታይቷል። አንዳንዱ ይህን ይዞ "እንግዲያው አያስፈልግም" ይላል። እኔ ከዚያው ማስረጃ የማነበው ፈተናው ለሁሉም ጠቦ እንደነበር ነው። ሥራ ዓለም ላይማ አንድ የመረጃ ባለሙያ ሠንጠረዥ በእጁ አይገለብጥም፤ ሶፍትዌር አለው።

አሁን ወላጆች። በአንድ ሴሚስተር አንድ ያገራችን ልጅ፣ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቆ፣ "ቲቸር፣ ሃይስኩል እያለሁ አይ ኢ ፒ ነበረኝ፤ እዚህ ግን አልተመዘገብኩም፤ እናቴ ፋይሉ ሥራ ስፈልግ ይከተለኛል ትላለች" አለኝ። አይ ኢ ፒ ትምህርት ቤት እክል ላለበት ልጅ ለብቻው የሚያወጣው የእርዳታ ፕላን ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት እናት፣ የሌላ ልጅ እናት ናቸው፣ በለቅሶ ቤት አግኝተውኝ፣ "መምህር፣ እባክዎ ለልጄ እርስዎ ይንገሩልኝና ቢሮው ይመዝግብልኝ" አሉኝ። እኔ ላደርገው አልችልም፤ እሳቸውም አይችሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚታገዝበት ሕግ ሌላ ነው፤ ፈልጎ ማግኘትና መርዳት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ኮሌጅ ሲገባ ያ ፕላን ያበቃል። ራሱ ሄዶ ቢሮው ካልተመዘገበ ማንም አይፈልገውም። ማስረጃውን ከሃይስኩሉ ሳይመረቅ ይውሰድ፤ በኋላ እንደ አዲስ ለመመርመር ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ የትምህርት መረጃው ባለቤት ራሱ ስለሆነ የተማሪን መረጃ በሚጠብቀው በ1974ቱ ሕግ መሠረት ቢሮው ያለ ፈቃዱ ከወላጅ ጋር ላይነጋገር ይችላል፤ ይህ ንቀት አይደለም። ምዝገባው ትራንስክሪፕት ላይ አይጻፍም፤ ቀጣሪም አያየውም። እና ከሁሉም በላይ፣ መብቱ ወደ ኋላ አይሠራም። ሁለት ፈተና ወድቆ በኅዳር ቢመዘገብ የወደቀው ወድቆ ይቀራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ።

እንግሊዝኛው ነው ወይስ እክሉ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ልጆች ከባድ ነው። መምህር አይመረምርም፤ ወላጅ ግን ለመርማሪው የሚነግረው ጠቃሚ ነገር አለ፦ ልጁ አገር ቤት ፊደል ሲቆጥር እንዴት ነበር? አማርኛ ሲያነብም ከእኩዮቹ ይዘገይ ነበር? ከቤተሰቡ ንባብ የሚከብደው ሌላ ሰው አለ? በሁለቱም ቋንቋ ከታየ ነገሩ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም።

አገር ቤት ለምታስተምሩ ደግሞ፣ ቢሮውም ደብዳቤውም ባይኖር የወረቀቱ ሥራ ምንም አይጠይቅም። ኤች ዲ ፒ (ለመምህራን የሚሰጠውን የከፍተኛ ዲፕሎማ ስልጠና) የወሰዳችሁ ተግባራዊ ምርምር የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ይኸው ነው። ካለፈው ፈተና አንድ ብዙ ተማሪ የወደቀበትን ጥያቄ ምረጡ፤ የሃያ ተማሪ ወረቀት ብቻ አውጡና መንገዱ የት እንደተሰበረ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለሦስት አራት ፈቃደኛ ተማሪ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በቃል ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ የወደቀው በቃል ከመለሰ፣ ፈተናችሁ ከኮርሳችሁ ውጭ ምን እየለካ እንደነበር ታያላችሁ። በቃልም ካልመለሰ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ክፍል ውስጥ እንደገና አስተምሩት። የተማሪውን ስም ከወረቀቱ ላይ ሸፍናችሁ ብትሠሩ ይሻላል፤ የምታውቁት ልጅ ከሆነ ገና ሳታነቡ ምክንያቱን መገመት ትጀምራላችሁና።